ጠበቃው ካርድ ማንበብ ሲያቅተው

አክስቴ ልጇ አሜሪካ ምን እንደምትሠራ ስትጠየቅ መልሷ እንደ ጠያቂው ነው። ለጎረቤት «ነርስ ናት» ትላለች። ሠርግ ቤት ከሆነች ደግሞ ነጠላዋን አስተካክላ «ጠበቃ ሆናለች» ትላለች። ልጅቷ የነርስነት ፈቃዷን በየጊዜው ታሳድሳለች፤ መርፌ ከያዘች ግን ዓመታት ሆኗታል። ጠበቃም አይደለችም። ጠበቃ የበሽተኛ ካርድ እጁ ገብቶ ማንበብ ሲያቅተው የሚደውልላት ሰው ናት።

ሥራው እዚያ «ሊጋል ነርስ ኮንሰልታንት» ይባላል። በእኛ አፍ «የሕግ ጉዳይ አማካሪ ነርስ» ብንለው ያስኬዳል። አሜሪካ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1989 ጀምሮ የራሱ የሙያ ማኅበር አለው። እኔም ነርስ ነኝ፤ እዚሁ ድሬ። ሜሪላንድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ እንደ ወቅቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የድሬ ፀሐይ ሰውን ሁሉ ቤት ከትቶታል፤ ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው። እኔ ስልኬን ከቬንትሌተሩ አጠገብ አቁሜ የአክስቴ ልጅ ቡናዋን ይዛ ሥራ ስትጀምር አያለሁ። ብዙ ሰው ስለ ሥራዋ ስለሚጠይቀኝ፣ ያየሁትንና የነገረችኝን ልጻፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር። ፊልም ላይ እንደሚታየው ፍርድ ቤት ቆሞ ጣት መቀሰር የለም። ቀኑን ሙሉ የምታደርገው ማንበብ ነው። ሁለት ስክሪን አላት፤ በአንዱ ታነባለች፣ በሌላው ትጽፋለች። በቃ።

ጠበቃ ራሱ አያነብም ወይ? ያነባል። ችግሩ የሆስፒታል ካርድ የተጻፈው ለጠበቃ አይደለም። የተጻፈው ለቀጣዩ ተረኛ ነው። ተረኛው ደግሞ ግማሹን ነገር ያውቀዋል፣ ስለዚህ ግማሹ አይጻፍም። «ቢፒ (የደም ግፊት) ወርዷል፣ ግሉኮስ ተከፍቷል፣ ለዶክተር ተነግሯል» የሚል መስመር ጠበቃ ሲያነብ ሁሉም ነገር የተደረገ ይመስለዋል። ነርስ ስታነበው ግን ጥያቄ ይመጣባታል። ስንት ሆኖ ወረደ? ለየትኛው ዶክተር ተነገረ? በስንት ሰዓት? ዶክተሩ ምን አለ? ከዚያ በኋላ ማን መልሶ ለካው? አልጋው አጠገብ ቆሞ ያደረ ሰው የት ቦታ ላይ ምን መጻፍ እንደነበረበት ያውቃል። የሚከፈላት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዋ ግን ንባብም አይደለም፤ ቆጠራ ነው። የአሜሪካ ካርድ ከኮምፒውተር ሲወጣ መዓት ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የቆየ ሰው ፋይል በሺዎች በሚቆጠር ገጽ ይመጣል። በሽተኛው ወይም ቤተሰቡ ፈርሞ ፈቅዶ ነው ፋይሉ የሚወጣው። እያንዳንዱ ገጽ ተከታታይ ቁጥር ይመታበታል። ከዚያ የጎደለውን ትፈልጋለች። የሐኪም ትእዛዝ አለ፣ መድኃኒት የተሰጠበት ቅጽ ግን የለም። የ3 ቀን የነርስ ማስታወሻ አለ፣ የአራተኛው ቀን ሌሊት የለም። አንዳንዴ የጎደለውን የምታገኘው ከሒሳብ ክፍል ነው። ካርዱ ላይ ያልተጻፈ ደም ሒሳቡ ላይ 2 ከረጢት ሆኖ ተጠይቆበታል። ማን ረሳ ማን አይረሳም፣ ገንዘብ ተቀባይ አይረሳም።

ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ምስክር ነው። የትኛው ሠራተኛ ፋይሉን መቼ ከፈተ፣ ምን ጻፈ፣ ምን ቀየረ፣ ሁሉም ከኋላ ይመዘገባል። በሽተኛው ሌሊት ሞቶ ጠዋት ላይ የማታው ማስታወሻ ከተጨመረ ይታያል። ዘግይቶ መጻፍ በራሱ ጥፋት አይደለም። ሥራ በዝቶብን ሺፍት ሲያልቅ ተቀምጠን ያልጻፍን ነርሶች ካለን እጃችንን እናውጣ። ዘግይቶ እንደተጻፈ ሳይገለጽ በሰዓቱ የተጻፈ አስመስሎ ማስገባት ነው ጣጣው።

ከቆጠራው በኋላ ዋናው ሥራ ይመጣል፤ የሆነውን ሁሉ በጊዜ ቅደም ተከተል መደርደር። ሠንጠረዥ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ የሆነው ነገር፣ የገጹ ቁጥር፣ ከጎኑ የራሷ ማስታወሻ። ቀላል ይመስላል። ግን ሐኪሙ በአንድ ቦታ ይጽፋል፣ ነርሷ በሌላ፣ ላቦራቶሪው በሌላ፣ የሰመመን ባለሙያው በሌላ። እያንዳንዱ የራሱን ታሪክ ነው የሚናገረው። አንድ ላይ ሲደረደሩ ነው እርስ በርስ የሚጣሉት። አንዴ ስታስቀኝ፣ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በላይ የተቆረጠ ሰው ካርድ ላይ ለ2 ቀን «የሁለቱም እግሮች መዳፍ የደም ምት ጥሩ ነው» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ አለችኝ። የትናንቱን ማስታወሻ ኮፒ አድርጎ ዛሬ መለጠፍ እዚያ የተለመደ በሽታ ነው። ስቄ ሳበቃ አሰብኩት። ያንን ገጽ ጠበቃ ቢያየው ያልፈዋል፤ «ጥሩ ነው» ይላላ። ነርስ ናት «የቱ እግር?» የምትለው።

ቅደም ተከተሉ ካለቀ በኋላ ጠበቃው ሊያውቀው የሚፈልገው ነገር አራት ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ይህ ሆስፒታል ወይም ይህ ባለሙያ ለዚህ በሽተኛ ኃላፊነት ነበረበት ወይ? ሙያው የሚጠይቀውን አጓደለ ወይ? ሰውየው ተጎዳ ወይ? የተጎዳው ደግሞ በዚያ ጉድለት ምክንያት ነው ወይ? አራቱም መልሳቸው «አዎ» ካልሆነ ክስ የለም። ሰው የሚሳሳተው መጨረሻው ላይ ነው። ጥፋት አለ፣ ጉዳት አለ፣ በቃ ካሳ ይከፈል ይላል። ግን ሁለቱን የሚያገናኘው ክር የታል?

ለምሳሌ አልጋ ላይ ተኝቶ የሚወጣ ቁስል። ራሱን ማገላበጥ ለማይችል በሽተኛ የተለመደው በየ2 ሰዓቱ ጎኑን መቀየር ነው። ካርዱ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ምንም አልተጻፈም። ጀርባው ላይ ቁስል ወጣ። ያለቀለት ጉዳይ ይመስላል። አማካሪ ነርሷ ግን ወደ መጀመሪያው ቀን ትመለሳለች። ሲተኛ ቆዳውን ማን አየው? ሲመጣ ቀልቶ ነበር ወይ? ከሌላ ቦታ ይዞት መጥቶ ከሆነስ? ስኳር አለበት ወይ? ምግብ ይበላ ነበር ወይ? እያንዳንዷ ጥያቄ የገጽ ቁጥር ይዛ ነው የምትመለሰው። «ይመስለኛል» አይሠራም፤ «ገጽ 412 ላይ» ነው።

የአክስቴ ልጅ በጣም የምትኮራበት ሥራ ደግሞ «ይህ ጉዳይ አያዋጣም» የሚለው ነው። ሰው ለክስ ማነሣሻ የተቀጠረች ይመስለዋል። ጠበቃው እኮ ለሚሸነፍበት ክስ ገንዘቡን ማፍሰስ አይፈልግም። ገና ከጅምሩ አንብባ «እናትየው በማይድን በሽታ ነው የሞተችው፣ ሐኪሞቹ የሚቻለውን አድርገዋል» ብላ ስትጽፍለት ብዙ ዶላር ታድነዋለች። ቤተሰቡ ግን ያዝናል። ከቤተሰቡ ጋር ብዙውን ጊዜ አትገናኝም፤ ጠበቃው ነው የሚነግራቸው። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ትንሽ ይቀንሳል።

ከከሳሽ ጋር ብቻ አይደለም የምትሠራው። ሙያው ውስጥ ያሉት የሆስፒታሎችን ጠበቆች የሚያግዙ፣ ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ የተቀጠሩ፣ እዚያው ሆስፒታል ሆነው ጥፋት ወደ ክስ ከመድረሱ በፊት የሚመረምሩ አሉ። ጉዳዩም የሕክምና ስህተት ብቻ አይደለም። የመኪና አደጋ አለ፣ ሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት አለ። ለዘለቄታው አልጋ ላይ የቀረ ሰው በቀሪ ዕድሜው ምን ያህል ዳይፐር፣ ዊልቸር፣ ፊዚዮቴራፒና አስታማሚ እንደሚያስፈልገው ቆጥሮ ማቅረብ አለ። በሽተኛው ተከሳሹ ወገን በመረጠው ሐኪም ሲመረመር አብራው ገብታ የታየውንና ያልታየውን የምትመዘግብበት ቀንም አለ።

አንድ የሚያምታታ ነገር እዚህ ላይ ልለይ። ከመጋረጃ ጀርባ የምትመክር ነርስና ፍርድ ቤት ቀርባ የምትመሰክር ነርስ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዋ የምትጽፈው ለጠበቃው ዓይን ነው፤ ባጠቃላይ ሌላው ወገን አያየውም። ሁለተኛዋ የምትጽፈውን ተቃራኒው ወገን ያነበዋል፣ መስቀለኛ ጥያቄም ይቀርብባታል። የአክስቴ ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ ናት። የሁለቱንም ሥራ ገደብ ግን ታውቃለች። ነርስ ስለ ነርስ ሥራ ትመሰክራለች፤ «ቢፒው በየ15 ደቂቃው መለካት ነበረበት» ማለት ትችላለች። «ቢለካ ኖሮ ሴትዮዋ ትድን ነበር» የሚለው ባብዛኛው የሐኪም ድርሻ ነው። ለዚህ ነው ትክክለኛውን ሐኪም ፈልጎ ለጠበቃው ማገናኘትም የሥራዋ አካል የሆነው። በብዙ ግዛቶች እንዲያውም ባለሙያ አይቶ «ጉዳዩ መሠረት አለው» ብሎ ካልፈረመበት የሕክምና ክስ አይገፋም።

ክፍያው በሰዓት ነው። ጉዳዩ ቢረታም ባይረታም ያው ነው። የሚመሰክር ባለሙያ ከካሳው ድርሻ እንዲወስድ የሙያ ሥነ ምግባሩ አይፈቅድም፤ ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። የሰዓቱ ነገር ግን ያስቃል። ስልክ ያነሳችበትን 6 ደቂቃ ሳይቀር ትመዘግባለች። እኔ ስደውልላት «ይህን ለማን ላስከፍል?» ትለኛለች።

ለመግባት ሌላ ዲግሪ ግዴታ አይደለም። መሠረቱ የነርስነት ፈቃድና የዋርድ ልምድ ነው። ማኅበሩ በኩል የሚገኘው የብቃት ምስክር ወረቀት አለ። እሱ 5 ዓመት የነርስነት ልምድና ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ በዚሁ የማማከር ሥራ 2000 ሰዓት ይጠይቃል። ከዚያ ፈተና አለ። ኮርስ ሸጠው «በወር ውስጥ አማካሪ ትሆናላችሁ» የሚሉ መአት ናቸው። እኔ የአክስቴን ልጅ ሰምቼ የምለው፣ ካርድ ራሱ ላይ ጽፎ ያላደረ ሰው ካርድ አያነብም።

አሁን ወደ ድሬ ልምጣ።

እዚህ ይህን ማዕረግ ይዞ ቢሮ የከፈተ ሰው አላጋጠመኝም። ሥራው ግን አለ፤ ተበትኖ ነው ያለው። ሕጉም አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ እንዳለበት፣ በጥንቃቄ ጉድለት ግዴታውን ሳይፈጽም ቢቀር ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይመለከታል። የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ አለው። ሕጉ ለምሳሌ የጠቀሰው ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሐኪምንና ሾፌርን፣ አንድ ላይ። ዶክተሮች ይህን ስነግራቸው ደስ አይላቸውም። ከፍርድ ቤቱ ሌላ የጤና ባለሙያዎችን የሥነ ምግባር ቅሬታ የሚያይ ኮሚቴ አለ፤ ብዙ ጉዳይ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።

እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት በአጋጣሚ ነው። ከዚራ ሰፈር ቢሮ ያለው አንድ ጠበቃ የጎረቤቴ ወንድም ነው። አንድ ከሰዓት ደወለልኝ። «ሲስተርዬ፣ አንድ ካርድ አለ፤ ሁለት ቃል ብቻ አንብቢልኝ» አለ። አቦ፣ ሁለት ቃል የሚባል ካርድ የለም! በባጃጅ ሄድኩ። ቢሮው ሙቀቱ ሌላ ነው። ውሃ ሰጠኝና የፎቶ ኮፒውን ክምር ገፋልኝ። ባለጉዳዮቹ ፈቅደው የፈረሙበትን ወረቀት መጀመሪያ አሳየኝ፤ ያንን ባላይ አልነካውም ነበር። የሙያ ምስጢር ማውጣት እዚህም በወንጀል ያስጠይቃል።

ጉዳዩ የአንዲት ወላድ ነው። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልጽፍም። በኦፕሬሽን ወለደች፣ ልጁ ደህና ነው። እሷ ግን ከኦፕሬሽኑ በኋላ ብዙ ደም ፈስሷት ማሕፀኗ ወጣ። ጠበቃው አንድ ነገር አግኝቶ ተደስቷል። ሐኪሙ «ኦፕሬሽን ያስፈልጋል» ብሎ የጻፈው 2:30 ላይ ነው። ነርሷ «ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ገባች» ብላ የጻፈችው 8:50 ላይ። «ስድስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ!» አለኝ። «ስድስት ሰዓት ሙሉ አስቀምጠዋት ነው እኮ!» ክሱን በልቡ ጽፎ ጨርሷል።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የሐኪሙ ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ነው፣ ቀኑም የፈረንጅ። የነርሷ ግን ቀኑ የእኛ ነው። ታዲያ ሰዓቱስ? ሐኪሙ 2:30 ሲል በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ እኛ ጋ ከቀኑ 8:30 ነው። ነርሷ በሐበሻ ሰዓት 8:50 ጻፈች። መሐላቸው ያለው 20 ደቂቃ ነው። ማረጋገጫ ፈለግኩ። የሰመመን ቅጹ ላይ በ24 ሰዓት አቆጣጠር «14:55» ተጽፏል፤ እሱም በእኛ 8:55 ነው። አለቀ። ያቺን ሴት በ20 ደቂቃ ውስጥ አስገብተዋታል። ማንም የሚመኘው ፍጥነት ነው።

ጠበቃው ፊቱ ጨለመ። ትንሽ አሳዘነኝም።

ይህ ችግር የአክስቴ ልጅ ጋ የለም። እሷ ጋ ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ራሱ ይመታል። እኛ ጋ ግን ሁለት ሰዓትና ሁለት የቀን መቁጠሪያ አንድ ካርድ ውስጥ ይኖራሉ። የላቦራቶሪው ማሽን በፈረንጅ ያትማል። ካርድ ክፍል በኢትዮጵያ ይጽፋል። ሌሊት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ለፈረንጅ እኩለ ሌሊት ላይ። «ሌሊት 8 ሰዓት» ብሎ ቀን የጻፈ ነርስ የየትኛውን ቀን ነው የጻፈው? ይህን ከመጠየቅ በፊት ቅደም ተከተል የሚባል ነገር የለም። የጳጉሜን ነገር ለአክስቴ ልጅ ስነግራት የምትሠራበት ሶፍትዌር 13ኛ ወር እንደማያውቅ ነግራኝ ሳቀች።

ሰዓቱን ሁሉ ወደ ሐበሻ ቀይሬ እንደገና ደረደርኩት። ኦፕሬሽኑ 9:50 ላይ አልቋል። ከዚያ ቢፒ 10:00 ላይ ተለክቷል። 10:15 ላይ ተለክቷል። ቀጣዩ መስመር 12:45 ላይ ነው፤ 80 በ40 ይላል፤ በጣም ወርዷል ማለት ነው። በመጀመሪያው ሰዓት በየ15 ደቂቃው መለካት የነበረበት ነገር 2 ሰዓት ተኩል ባዶ ነው። የእጅ ጽሑፉም ተለውጧል። መሐል ላይ ሺፍት ተቀይሯል ማለት ነው። ዋርድ ላይ የሠራ ሰው ያቺን ሰዓት ያውቃታል። አንዷ ልብሷን እየቀየረች ነው፣ ሌላዋ ገና ርክክብ ላይ ናት፣ አልጋው ደግሞ ሞልቷል። እኔም በዚያ ሰዓት ሳልለካ አልፌ አውቃለሁ፤ በሽተኛዬ ደህና ስለነበረች ብቻ ስሜ የማንም ጠበቃ ጠረጴዛ ላይ አልደረሰም።

«ስለዚህ ቸልተኝነት አለ ማለት ነው?» አለኝ፤ ፊቱ እንደገና በራ።

አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩለት። ባዶው ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ፣ በተለመደው አሠራር ምን መደረግ እንደነበረበት፣ ስንተኛ ገጽ ላይ እንደሚገኝ። መለካቱ ተረስቶ ነው ወይስ ተለክቶ ሳይጻፍ ቀርቶ፣ ካርዱ አይናገርም አልኩት። ደሙ ቶሎ ቢታወቅ ማሕፀኗ ይተርፍ ነበር ወይ የሚለውን አልጻፍኩም። እሱ የማሕፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ጥያቄ ነው። ሐረርም ሆነ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ከዚያ ሆስፒታል ጋር ንክኪ የሌለው ሰው እንዲፈልግ ነገርኩት። ትንሽ ከተማ ውስጥ ይህ ከባድ ነው። ሐኪሞቹ ሁሉ አብረው የተማሩ ወይ አብረው ተረኛ የሆኑ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ወዲያው ጠየቅኩት፤ ጉዳቱ የደረሰው መቼ ነው? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት ከውል ውጭ የካሳ ክስ ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው። ወንጀል ያለበት ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ያ ረዘም ያለው ይያዛል፤ ግን በእሱ ተማምኖ መቀመጥ አያዋጣም። ጠበቃው ካላንደሩን አወረደና በጣቱ ቆጠረ። 5 ወር ቀርቶታል። የቆጠረው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ አየኝና እንደገና ከመስከረም ጀመረ።